ከገንዳው በፊት መሬቱ

ዋና ውሃ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው የሚል ካለ የቦብ ኪፑዝን ታሪክ ይስማ። ሰውየው አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህር ነበር፤ ተወዳዳሪ ዋናተኛ ሆኖ ግን አያውቅም። ያኔ ብዙዎች "ጡንቻ ዋናተኛን ያደነድነዋል" ብለው ይፈሩ ነበር። እሱ ግን ልጆቹን መሬት ላይ ያሠራቸው ጀመር፦ ሆድና ጀርባ ማጠንከሪያ፣ ከባድ ኳስ መወራወር፣ በገመድ ክብደት መሳብ። ለምን? በነፃ ቀዘፋ ክንድ ውሃውን ሲስብ ጉልበቱ የሚመጣው ከትከሻ፣ ከጀርባና ከሆድም ጭምር ነዋ!

ውጤቱስ? ዬል በእሱ ዘመን 528 ጊዜ አሸነፈ፣ 12 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። በ1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሊምፒክም እሱ የመራው የአሜሪካ ወንዶች ቡድን 6ቱንም የዋና ወርቆች ጠቅልሎ ወሰደ።

"ቲቸር፣ ገንዳ የለንም እኮ" ለምትሉኝ ልጆቼ፦ መሬቱ አለ፣ ከእሱ ጀምሩ። ውሃውን ስታገኙ ደግሞ ዋና ከሚችል ሰው ጋር ግቡ።