ከዘፋኙ ጀርባ የነበረው ሰው፤ ነርሲስ ናልባንዲያን

ባለፈው ክረምት ፉሪ በሚገኘው ቤቴ አቅራቢያ አንድ ወጣት ትሮምቦን ሲለማመድ እሰማ ነበር። በመሸ ቁጥር አንዲት የትዝታ ሐረግ ደጋግሞ ይነፋል፤ ይሳሳታል፤ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው «ይህን ዜማ ለመሣሪያህ ያቀናበረው ማን ነው?» ስለው የዘፋኙን ስም ነገረኝ። «የዘፋኙን አይደለም የጠየቅሁህ» ብለው «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ዘፋኙን ብቻ ነው» አለኝ። አልፈረድሁበትም። እኛስ ብንሆን መቼ ከዚህ የተሻለ እናውቃለን? ይሁን እንጂ ጥያቄው ከእኔ ጋር ስለ ሰነበተ፣ ለትንፋሽ መሣሪያዎቻችን ድርሻቸውን ጽፈው ከሰጡት፣ ተጫዋቾቹንም ካስተማሩት ሰዎች መካከል ስለ አንዱ፣ ስለ ነርሲስ ናልባንዲያን፣ ለመጻፍ ተነሣሁ።

እንደሚታወቀው የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ በላኳቸው መሣሪያዎች ነው። ሁለተኛው ታላቅ ምዕራፍ የተከፈተው በ1916 ዓ.ም. ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በማርሽ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነሆ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚህ የመነጨ ነው። ከኦቶማን ቱርክ እልቂት የተረፉ ልጆች ነበሩ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባሉ ነበር፤ እኒህ ሰው ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን፣ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስም የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የኖረውን «ማርሽ ተፈሪ» ደርሰዋል። ከአገሩ የተሰደደ ሰው ለተቀበለው አገር መዝሙር ሲሠራለት ማየት በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአይንታብ ተወለዱ፤ ቤተሰቡ ከመከራው አምልጦ በሶርያዋ ሐለብ ተጠለለ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መርተዋል፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን ይዘው ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ሙያቸው በአንድ መሣሪያ የታጠረ አልነበረም። ፒያኖ ይጫወታሉ፤ ሳክስፎን ይነፋሉ፤ መዘምራን ይመራሉ፤ ይደርሳሉ፤ ያቀናብራሉ፤ ያስተምራሉ፤ ፒያኖ ሲበላሽም ራሳቸው ይቃኛሉ። ዛሬ በአምስት ሰው የሚከፋፈለውን ሥራ አንድ ሰው ይሠራው ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቅንብሩ ጉዳይ ይመስለኛል። የአውሮፓ ኅብረ ድምፅ በሰባት ድምፆች መሰላል ላይ የታነጸ ነው። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚቆሙ ቅኝቶች ናቸው። አዝማሪው ብቻውን በመሰንቆው ሲዘፍን ችግር የለም፤ ድምፁና መሰንቆው ጎን ለጎን እየተከታተሉ ይሄዳሉ። አሥራ ምናምን የትንፋሽ መሣሪያ የታቀፈ ኦርኬስትራ ከዘፋኙ ጀርባ ሲቆም ግን ለእያንዳንዱ የሚነፋው ድምፅ ሊሰጠው ይገባል። አቀናባሪው የጎደሉትን ሁለት ድምፆች ከውጭ አምጥቶ ቢሞላ ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል፤ ሁሉንም በአንድ ዜማ ቢያስነፋቸው ደግሞ ያን ሁሉ ሰው መሰብሰብ ለምን አስፈለገ? በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ ነበረበት። የዚያ ዘመን ኦርኬስትራዎች ዘፋኙ ሐረጉን ሲጨርስ በነሐስ ድምፅ መመለሳቸው፣ ከሥር ደግሞ ወፍራም ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች ዜማውን መሸከማቸው የዚሁ ፍለጋ ውጤት ነው። በዚህ ረገድ ትሮምቦን ልዩ ዕድል አለው። እንደ ትራምፔት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ ቧንቧው ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ስለዚህም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ተንሸራትቶ ሊሻገር ይችላል። የዘፋኞቻችንን እርግብግቢት ለመከተል ከዚህ የተመቸ የነሐስ መሣሪያ አላውቅም።

እንደ ቴአትር ጸሐፊነቴ አንድ ነገር ልጨምር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ኦርኬስትራው ለጌጥ የተቀመጠ አልነበረም። ተዋናይና ሙዚቀኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲውሉ ድራማው ዜማን፣ ዜማውም ድራማን ይማራል። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ወደዚህ ቴአትር የተሻገሩት ጌታቸው መኩሪያ የአርበኛውን ሽለላ በሳክስፎን ሲያስጮኹት ሰምቶ የመድረክ ትወና አይደለም የሚል ካለ እከራከረዋለሁ።

ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ኢትዮጵያዊ ዜግነት አገኙ፤ ይኸውም በዚህ አገር ሃያ ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ መሆኑ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) ዐረፉ። ለስማቸው መደብዘዝ አንዱ ምክንያት በእኔ ግምት የዘመን መሳት ነው። የአምኃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ የነርሲስ ብርቱ የሥራ ዘመን ግን በአመዛኙ ከዚያ በፊት ያለፈ ነበር። ከሸክላው በፊት የተሠራው ሥራ የቀረው በሁለት ቦታ ነው፤ በተማሪ ጣትና ከንፈር፣ እንዲሁም በወረቀት። ተማሪው ያረጃል፤ ወረቀቱም በየሣጥኑ ይበተናል። ሸክላው በመጣ ጊዜ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ፎቶግራፉ የወጣው የዘፋኙ ነው፤ በዚህ ገዢውም ሻጩም ተስማምተዋል።

ደግነቱ ወረቀቱ ሁሉ አልጠፋም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ አንዱ ቅጽ ለነርሲስ ሥራዎች ተሰጥቷል፤ የተጫወተውም ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ነው። ይህን ቅጂ ለፉሪው ወጣት አሰማሁት። ዘፋኙን አልጠየቀኝም። ሁለት ጊዜ ከሰማ በኋላ «ጋሼ፣ የትሮምቦኑ ኖታ ይገኛል?» አለኝ። እያፈላለግሁለት ነው።