ስለ ወረቀትና ስለ ማተሚያ ታሪክ፤ ስለ እድራችንም ባሕር መዝገብ



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ወረቀት ታሪክ ጥቂት ለማውሳት እንወዳለን። «ስለ ወረቀት ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የእድራችን ንብረት ምንድን ነው ብለን ብንቆጥር፣ ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጎላና ሰሐን አለ። ድንኳን ቢቀደድ ይሰፋል፣ ወንበር ቢሰበር ይተካል። ባሕር መዝገቡ ከጠፋ ግን ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ስንት ዓመት እንደከፈለ፣ የማን እናት የማን አማት በቤተሰብነት እንደተመዘገበች የሚመሰክር የለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው ወረቀቱ እስከቆየ ድረስ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። አሮጌው ባሕር መዝገባችን ጠርዙ እየተበላ፣ ገጹ እየተገነጠለ ስለሆነ ኮሚቴው በአዲስ ለማስገልበጥ አስቧል። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ከአባሎቻችን አንዳንዱ «ከሱቅ ደብተር ገዝተን እንጻፍበት» ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ «ኮምፒዩተር እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኛ በመዝገብ ቤት ሥራ ብዙ ዘመን የቆየን ስለሆነ፣ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት የምናውቀውን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ከብራና እንጀምር

አባቶቻችን መጽሐፍ የሚጽፉት በብራና ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ እየደረቀ በድንጋይ ይለሰልሳል። ጸሐፊው በወስፌ ጠርዙን እየወጋ መስመር ያሰምርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ ይሠራል። በቀዩ ቀለም የአምላክና የቅዱሳን ስም ይጻፋል። በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል። ሲያልቅ በእንጨት ገበታ መካከል ተጠርዞ፣ ቆዳ ለብሶ፣ ማኅደር ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛሬ «ዲዛይን» የሚባለው ነገር ሁሉ እዚያው አለ። የመስመሩ ርቀት፣ የጠርዙ ስፋት፣ የቀለሙ ምርጫ፣ ጌጡ፣ ጥራዙ፣ ሁሉም ታስቦበት የተሠራ ነው። ሥራው የሚጀምረው ደግሞ ከቆዳው ምርጫ ነው። ቆዳው መጥፎ ከሆነ የጸሐፊው እጅ የቱን ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ለማወቅ፣ በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ማንሣት ይበቃል። ሊቃውንት ብራናውን በመሣሪያ መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን አረጋግጠዋል። ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበባል።

ወረቀትስ እንዴት መጣ?

ወረቀት የቻይናዎች ጥበብ ነው። ከቻይና ወደ ዓረቦች፣ ከዓረቦች ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ድሮ በአውሮፓ የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ ተቀጥቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በወንፊት ተንጥፎ ይደርቃል። ባገራችን ወረቀት ቀድሞ ከገባባቸው ከተሞች አንዷ ሐረር ናት። የሐረር ጸሐፊዎች ቁርዓንን ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ላይ በእጅ ይገለብጡ ነበር። የሐረር ጠራዦችም በቆዳ ላይ ጌጥ እየተጫኑ የሚሠሩት ጥራዝ እስከ ዛሬ ይደነቃል። የብራናውም የወረቀቱም ጥበብ የአገራችን ሀብት ነው፤ እድራችንም የክርስቲያኑም የሙስሊሙም እንደሆነ ሁሉ።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ግን ካገራችን ውጭ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳተመ። ከዚያም አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ያገራችን ሰው፣ በዚያው አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ።

በአገር ቤት ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የሚባል ጋዜጣ ተጀመረ። ያዘጋጀው ካቫዲያስ የተባለ ግሪክ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚባዛው በእጅ እየተጻፈ ነበር። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። በ1917 ዓ.ም. በዚያው ስም ጋዜጣ ወጣ። ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጀመረ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙትን የፊደል ገበታማ ማን የማያውቀው አለ! በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሀሁን የቆጠረው በእሷ ነው። ገበታዋ በሕፃን እጅ እየታሸች የምትውል ስለሆነች ቶሎ ታልቅና ሌላ ትገዛ ነበር። ዋጋዋ ርካሽ መሆኑም ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም።

በአቃቂ በኩል ያለፈው ወረቀት

ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ በሐዲድ የሚመጣው ዕቃ ወደ ከተማ የሚገባው በእኛው በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነበር። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ በባቡር ያስመጡት ወረቀት መጽሐፍና ጋዜጣ ከመሆኑ በፊት በደጃችን አልፏል ማለት ነው። የድሮው ባቡር ሥራ ካቆመ ቆይቷል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ተሠራ። የስኳር ፋብሪካው ከሚጥለው የሸንኮራ ገለባ ወረቀት ይሠራል የሚል ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለብዙ ዘመን ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ ነው የሠራው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አገሩ ሁሉ መጽሐፍ ፈለገ። ብዙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያን ጊዜ ነው። እድሮች ውስጥ በአውራ ጣት መፈረም እየቀረ፣ በእጅ መፈረም እየበዛ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የፊደል ለቃሚዎች

ዛሬ ልጆች በአንድ ሰዓት የሚጽፉትን ድሮ ፊደል ለቃሚ ቀኑን ሙሉ ይለቅመው ነበር። ፈረንጅ 26 ፊደል ይዞ ይሠራል። የእኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላውና ቁጥሩ ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። ለቃሚው ያንን ሁሉ የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ አንድ ባንድ እያነሣ፣ ተገልብጦ ሳለ እያነበበ ይደረድራል። ተደርድሮ ሲያልቅ ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ላይ ይጫናል። ድሮ በዚህ መንገድ የታተመ መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ፣ የገጹን ጀርባ በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ የፊደሉ ጉብታ ይሰማችኋል። ኋላ የመጣው ኦፍሴት ግን ፊደሉን ከቆርቆሮ ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ወረቀት የሚያስተላልፍ ስለሆነ ጉብታ የለውም። ሥዕልና ፎቶግራፍ ግን አጥርቶ ያወጣል።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ከፈቱ። እዚያ ካስተማሩት አንዱ ይገዙ ብስራት የፊደልን አጣጣል ያስተምሩ ነበር። የብራናው ጸሐፊ ጥበብ እንዲህ እያለ ወደ መጽሐፍ ሽፋንና ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ።

ለየሥራው የየራሱ ወረቀት

እኛ በጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን ዋናው ደብዳቤ በወፈር ያለ ወረቀት፣ ቅጂው በስስ ወረቀት ይመታ ነበር። በካርቦን ሦስት አራት ቅጂ ለማውጣት የሚቻለው ከሥር ያለው ስስ ሲሆን ነው። መዝገብ ቤት ገብቶ ለዘመን የሚቀመጠው ሌላ፣ በሳምንቱ የሚጣለው ሌላ ነው። ሁሉንም በውድ ወረቀት ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሁሉንም በርካሹ ማድረግ ደግሞ የሰውን ጉዳይ ማጥፋት ነው።

የወረቀት ውፍረት የሚለካው በግራም ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ይመዝናል ተብሎ። የጋዜጣ ወረቀት ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ነው። የኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። ለመዝገብ የሚሆነው ከ100 ግራም በላይ ቢሆን ይመረጣል። የሰርግ ጥሪ ካርድ ከ200 ግራም ይበልጣል።

ክብደቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ከምን ተሠራ የሚለውም አለ። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት እንዳለ ስለሚሠራ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ኋላም ይሰባበራል። ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ከሁሉም ይበልጥ ይቆያል። የአቃቂ ሰው ጥጥን ያውቃል፤ ስንቶቻችን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጉልበታችንን ጨርሰናል! የወረቀት ገንዘብ በብዛት የሚሠራው ከጥጥ ነው። ብር ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከሱሪ ጋር ታጥቦ ሳይቀልጥ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር የወረቀቱ አቅጣጫ ነው። ወረቀት እንደ ጣውላ ጭረት አለው። በጭረቱ አቅጣጫ ሲታጠፍ ልስልስ ብሎ ይታጠፋል፤ ጭረቱን አቋርጦ ሲታጠፍ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። በመጽሐፍ ጥራዝ ጭረቱ ከጀርባው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አለዚያ መጽሐፉ አልገለጥ ይላል፣ ገጹም ይገነጠላል። የእኛ አሮጌ መዝገብ ገጹ ለምን እንደሚገነጠል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያየነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ

በአካባቢያችን ያለ አንድ እድር፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ መዝገቡን በኮምፒዩተር አስጽፎ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በፈሳሽ ቀለም አሳተመው። ሲያዩት ያምር ነበር። አሮጌው መዝገብ ተጣለ። ኮምፒዩተሩም ኋላ ተበላሸ። በክረምት ጎርፍ ቢሮው ገባ፤ የአቃቂን ክረምት ታውቁታላችሁ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲርስና ሲደርቅ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል። ቀለሙም ፈሰሰ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ዐረፉባቸው። ሰውዬው ከ20 ዓመት በላይ ከፍለዋል፤ ነገር ግን ስማቸው የተጻፈበት ገጽ አይነበብም። ሴትዮዋ በሐዘናቸው ላይ ምስክር ፍለጋ ቤት ለቤት ዞሩ። ቀብሩ በጎረቤት መዋጮ ተፈጸመ። የእድሩ ገንዘብ የደረሳቸው ከአርባው በኋላ ነው። እኚያ እናት «ደሀ ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም» ሲሉ ሰምተናቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ወረቀት ነገር ለእኛ የዋዛ ነገር አልሆነም።

ስለ ሐዘን ጽሑፎች

ዛሬ ዛሬ በቀብር ዕለት የሟች የሕይወት ታሪክ በፎቶግራፍ ታትሞ ይታደላል። ደግ ልማድ ነው። ጥቂት ምክር ግን አለን። ፊደሉ ሽማግሌ የሚያነበው ያህል ይተልቅ። ጠርዙ ሰፋ ይበል። ጌጥ ከተፈለገ እንደ ድሮው ሐረግ ከላይ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ጌጥ ሲበዛ ፎቶግራፉን ይሸፍነዋል። የሚታደለው በቀላል ወረቀት ይሁን። አንድ ቅጂ ግን በማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ታትሞ ለእድሩ ይሰጥ። በ50 ዓመት ውስጥ የሠፈራችን ታሪክ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ

አንደኛ፣ ባሕር መዝገቡ ከ100 ግራም በላይ በሆነ በማያብረቀርቅ ወረቀት፣ በክር ተሰፍቶ፣ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዝ። በሙጫ ብቻ የተያያዘ አንቀበል። ጠራዡ ዘንድ ስንሄድ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል አጥፈን ጭረቱን እንይ።

ሁለተኛ፣ ወጣቶቹ ያሉት ኮምፒዩተርም ይግባ። አንድ ቅጂ በኮምፒዩተር፣ አንድ ቅጂ በሌዘር ማተሚያ ወጥቶ በሌላ ቤት ይቀመጥ። የሌዘሩ ቀለም ደረቅ ስለሆነ በውኃ አይፈስም።

ሦስተኛ፣ ለካርኒና ለጥሪ ወረቀት ርካሹ ይበቃል፤ ቁጠባው እዚያ ይሁን።

አራተኛ፣ አሮጌው መዝገብ እንዳይጣል። ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ በብረት ሣጥን ይቀመጥ። በውስጡ የብዙ ሟቾቻችን ፊርማ አለ።

የወጪው ልዩነት ለየአባሉ ሲካፈል ብዙ አይሆንም። ያቺ እናት የዞሩትን መንገድ የእኛ ሰው እንዳይዞር የሚከፈል ነው።

የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያለነውን ለዓመቱ በደኅና ያድርሰን።