ለድብ የተመከረው ለጅብ አይሠራም፦ ከሰንጋ ተራ እስከ እንጦጦ ማወቅ ያለብን

ቲክቶክ ላይ «ድብ ቢያጋጥማችሁ እንዲህ አድርጉ» የሚል ቪዲዮ ያላየ አለ? መሬት ላይ በደረታችሁ ተኙ፣ አንገታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ የሞታችሁ ምሰሉ ይላል። ምክሩ ውሸት አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ቡናማ ድብ ደንግጦ ወይም ልጆቹን ለመከላከል ሲያጠቃ ይሠራል።

ችግሩ እኛ አገር ድብ የለም። ያለን አያ ጅቦ ነው። ጅብ ፊት ተኝቶ የሞተ መምሰል ደግሞ ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው። ጅብ ጥንብም የሚበላ፣ የተኛና የደከመ የሚፈልግ እንስሳ ነዋ!

ሰንጋ ተራ መሀል ከተማ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጅብ ይጠብቃችኋል እያልን አይደለም። ግን ቅዳሜና እሁድ ከሰንጋ ተራ ተነስቶ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ለሃይኪንግ የሚወጣው ብዙ ነው። ዘመድ ጉለሌና ኮልፌ አለን። በሌሊት ሥራ የሚገባና የሚወጣም አለ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል።

ጅብ አዲስ አበባ ምን ይሠራል?

ቀን በዙሪያው ባሉ ጫካዎችና ገደላ ገደሎች ይተኛል። ሲመሽ የወንዝ ሸለቆዎችን ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል። የሚወርደው ሰው ፍለጋ ሳይሆን ቆሻሻ ፍለጋ ነው፦ አጥንት፣ የእርድ ትርፍራፊ፣ የሞተ ውሻና አህያ።

ይህን በጥናት ያዩት አሉ። በትግራይ የተሠራና በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የጅቦችን ኩስ መርምሮ ነበር። በሁዳዴ ጾም እርድ ስለሚቀንስና የሚጣል አጥንት ስለሚጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደማደን ዞረዋል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አህያ መብላታቸው ቀንሷል። በአጭሩ፣ የጅብን ባሕርይ የሚወስነው የእኛ ቆሻሻ ነው።

ጥቅምም አለው። መቀሌ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት እንደሚለው የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ሬሳና ትርፍራፊ ይበላሉ። ይህም እንደ አባ ሰንጋና የከብት ቲቢ ያሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፉ ያግዛል። ስለዚህ ጥያቄው እንዴት እንጨርሰው ሳይሆን እንዴት ሳንነካካ እንኑር ነው።

ጉልበቱን አትናቁ

እኛ ጋ በብዛት ያለው ነጠብጣቡ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ አለው። በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ዩሴን ቦልት በምርጥ ቀኑ ከ45 አላለፈም። ስለዚህ «ሮጬ አመልጣለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ፊት ለፊት ቢያጋጥማችሁስ?

1. አትሩጡ። የሚሮጥ ነገር ማሳደድ በደሙ ውስጥ ነው።
2. አትቀመጡ፣ አትተኙ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ጃኬታችሁን ወይም ነጠላችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትልቅ ምሰሉ።
3. ትንንሽ ልጆች ካሉ ወዲያው እቀፏቸው ወይም መሀል አድርጓቸው።
4. ጀርባ ሳትሰጡ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ማምለጫ መንገዱን አትዝጉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዞር ይላል።
5. ከቀረበ ጩኹ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩበት፣ ድንጋይ ወርውሩ፣ ዱላ ካለ አንሱ።
6. ከነከሰ ባላችሁ ነገር ሁሉ ታገሉ። ፊቱንና አፍንጫውን ምቱ። እጅ መስጠት የለም።

ቪዲዮ ልቅረጽ ብላችሁ አትጠጉ። ሐረር ላይ ሰዎች ለጅብ ሥጋ ሲያጎርሱ ስላያችሁ ሁሉም ጅብ እንደዛ ነው ማለት አይደለም። እነሱ ከጅቦቹ ጋር ለዓመታት የተላመዱ ናቸው፤ የእንጦጦው ጅብ እናንተን አያውቃችሁም።

ከመውጣታችሁ በፊት

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ብዙዎቻችንን ተራራ አስለምዶናል። ደስ ይላል። ግን ብቻችሁን አትውጡ፤ በቡድን ሁኑ፣ እያወራችሁ ሂዱ። በደንብ ሳይነጋ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ጫካ አትግቡ። የጆሮ ማዳመጫችሁን ቢያንስ ከአንድ ጆሮ አውጡ። የምግብ ትርፍራፊ ጥላችሁ አትምጡ። ዋሻ ወይም ጉድጓድ ካያችሁ አትጠጉ፤ ግልገል ሊኖርበት ይችላል።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የቆሻሻ ነው። የሰንጋ ተራ ስም ራሱ ሰንጋ ያስታውሳል፤ በበዓል ሰሞን በየጊቢው የሚታረደውን ሁላችንም እናውቃለን። ቆዳ፣ አንጀትና አጥንት ወንዝ ዳር ወይም አጥር ሥር መጣል ጅብን «ና፣ ብላ» ብሎ መጥራት ነው። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ ድብ በሚበዛባቸው ከተሞች ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ ገንዳ የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። እኛ ጋ ቢያንስ በማዳበሪያ በደንብ አስረን ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት ሰዓት እናውጣ።

በጣም የተጋለጠው ማነው?

እውነቱን እንነጋገር። ለጅብ በጣም የሚጋለጠው ሃይከሩ አይደለም፤ ደጅ የሚያድረው ነው። የጎዳና ልጆች፣ ሕፃን ታቅፈው ላስቲክ ሥር የሚተኙ እናቶች፣ በረንዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ። የተኛ ሰው አይቆምም፣ አይጮህም፣ ትልቅ አይመስልም። ማታ ስትገቡ ወንዝ ዳር ወይም ገንዳ አጠገብ የተኛ ካያችሁ መብራት ወዳለበትና ሰው ወደሚበዛበት እንዲጠጋ ንገሩት። የሚያሳድር ጊቢ ካለ ዘበኛውን ለምኑ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ከተነከሳችሁ

ብዙ ደም ከፈሰሰ በመጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ደሙን አቁሙ። ደሙ ካልበዛ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ቡና ወይም አመድ አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። በሽታው ከጅብም ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም። የውሻ ንክሻም ቢሆን እንዲሁ አድርጉ።

ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ ፖሊስ 991፣ ለእሳትና አደጋ 939 ይደውሉ። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

ውጭ ላላችሁ ቤተሰቦቻችን

ቨርጂኒያና ኮሎራዶ ተራራ የምትወጡ፣ እዚያ ያለው ጥቁር ድብ ነው። ለእሱም የሞቱ መምሰል አይሠራም፤ እንደ ጅቡ ቁሙ፣ ጩኹ፣ ካጠቃ ታገሉ። የሞቱ መምሰል ለቡናማው ድብ ብቻ ነው።

እንጦጦ ለሚወጣው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ያንን የድብ ቪዲዮ አይቶ ሊሆን ይችላል።