ደንብ፣ ዳኛና እሮሮ፦ የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ ታሪክ በቅሬታው በኩል ሲታይ

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የምናባዊ ጀብዱ ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ሊያደርግ ያሰበውን በቃል የሚናገርበት፣ ውጤቱንም ዳኛው በደንብ መጽሐፍና በዳይስ የሚወስንለት ጨዋታ፣ ከተጫዋች እሮሮ ተለይቶ የኖረበት ዘመን የለም። ደንቡ በዛ፣ ደንቡ አነሰ፣ አስማተኛው መጀመሪያ ላይ ከንቱ ኋላ ላይ ደግሞ አይቻሌ ሆነ፣ ጥሩር የለበሰ ሰው ጉዳቱ መቀነስ ሲገባው ስለምን ለመመታት ያስቸግራል የሚሉት አቤቱታዎች ዛሬም ይሰማሉ። ብዙዎች ይህን የጨዋታው ትርፍ ጫጫታ አድርገው ያዩታል፤ ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትሎ የሚሄድ አንባቢ ዋና ዋናዎቹ ደንቦች ራሳቸው የቅሬታ ልጆች መሆናቸውን ይረዳል።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በፕሩሲያ ጦር ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መቶ አለቃ ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን «ክሪግሽፒል»፣ ማለትም «የጦርነት ጨዋታ»፣ አሻሽሎ አሳተመ። መኮንኖች በ1፡8000 መጠን በተነሣ ካርታ ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛው ደግሞ የሁለት ደቂቃ ውጊያን በሚወክለው በእያንዳንዱ ዙር የሞተውንና የቆሰለውን በዳይስና በሠንጠረዥ ያሰላል። ሂሳቡ ከውጊያው በላይ ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ በ1870ዎቹ ከመኮንኖቹ መካከል ነቀፋ ተነሣ፤ በ1876ም ዩልዩስ ፎን ፌርዲ ዱ ቬርኖዋ ዳይሱንና ሠንጠረዡን አስወግዶ ሁሉን ነገር ልምድ ላለው ዳኛ ፍርድ የሚተው «ነፃ የጦርነት ጨዋታ» አቀረበ። ዳኛ ብቻውን ሲፈርድ ግን ተሸናፊው ሽንፈቱን በዳኛው ማሳበቡ አይቀርምና፣ «ደንቡ በዛ» የሚለው እሮሮ «ዳኛው አደላ» ለሚለው ቦታውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ክርክር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በዳኛ የሚመራው የጦርነት ጨዋታ ወደ አሜሪካ የተሻገረው የጦር መኮንኑ ቻርልስ ቶተን በ1880 ባሳተመው «ስትራቴጎስ» በተባለ መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉን ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ያነበበው የሚኒሶታው ዴቪድ ዌስሊ ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ መሞከር ይችላል የሚለውን ሐሳብ ይዞ በ1969 «ብራውንሽታይን» የተባለውን ጨዋታ አዘጋጀ። ከዌስሊ የጓደኞች ክበብ የወጣው ዴቭ አርነሰን «ብላክሙር» በተባለ ምናባዊ አገር ጨዋታውን ሲቀጥል፣ በመጀመሪያ የተጠቀመባቸው የውጊያ ደንቦች አንድ ምት ካገኘ ገጸ ባሕርይው እንዲሞት የሚያደርጉ ነበሩ። ይህ ስም የለሽ ለሆኑ የእርሳስ ወታደሮች የሚስማማ ቢሆንም፣ ስም አውጥቶና ታሪክ ፈጥሮ ያሳደገውን ጀግና በአንድ የዳይስ ውርወራ የሚያጣ ተጫዋች ሊቀበለው አልቻለም። አርነሰን የተጫዋቾቹን ሐዘን አይቶ፣ መርከብ ብዙ ጊዜ ተመትቶ ቀስ በቀስ ከሚሰምጥበት የባሕር ውጊያ ጨዋታ «የሕይወት ነጥብን» ተዋሰ፤ ዛሬ በብዙ የቪዲዮ ጨዋታ የሚታየው እየቀነሰ የሚሄድ የጤና መለኪያ መነሻው እንግዲህ ይህ ቅሬታ ነው።

በጥር 1974 ጋሪ ጋይጋክስና አርነሰን ያዘጋጁት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በዊስኮንሲን ግዛት ከምትገኘው ከሌክ ጄኔቫ ከተማ ወጣ። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘችው ሣጥን ዋጋዋ 10 ዶላር ሲሆን፣ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። መጻሕፍቱ የተጻፉት የጦርነት ጨዋታን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው በመሆኑ፣ አዲስ አንባቢ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለመለየት ይቸገር ነበር፤ በአሪዞና የሚኖረው ኬን ሴንት አንድሬም ደንቡ ስላልተመቸው በ1975 ከማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ የሚሠራውን «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» ጻፈ። የዳይሱ ነገር በእርግጥ ቀላል አልነበረም። ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሁለትና ባለ ሃያ ገጽ ዳይሶች በቀድሞው ዘመን እንደ ልብ የሚገኙ አልነበሩም፤ በ1979 አካባቢ እጥረት በመፈጠሩ በጀማሪዎች ሣጥን ውስጥ በዳይስ ፋንታ ከኩባያ እንደ ዕጣ የሚወጡ ቁጥር የተጻፈባቸው የካርቶን ቁርጥራጮች ተጨምረው ተሸጡ። ዳይሱ ሲገኝም ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለነበር ጠርዙ ቶሎ ይበላ ነበር፣ ቁጥሩም እንዲነበብ ተጫዋቹ ራሱ በሰም ቀለም መሙላት ነበረበት።

ለረጅም ጊዜ የቆየው አቤቱታ ደግሞ የአስማተኛው ነው። ጋይጋክስ ከደራሲው ጃክ ቫንስ የወሰደው ሐሳብ አስማተኛው ድግምቱን ጠዋት አጥንቶ፣ አንዴ ከተጠቀመበት በኋላ እንዲረሳው የሚያደርግ ነበር። ጀማሪው አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ነበረው፤ የሕይወት ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት አይበልጥም ነበር፤ ጩቤ የሚያደርሰው ጉዳትም እስከ አራት ስለነበር በአንድ ውግታ ሊሞት ይችል ነበር። ያን ዘመን ያለፈ አስማተኛ ግን ከፍ ሲል ተራራ ያናውጥ ነበር፤ ተዋጊ ጓደኛው ደግሞ ያንኑ ሰይፍ ይዞ ይቀር ነበር። ሌላው ነቀፋ ከዚህ ይልቅ ፍትሐዊ ነበር፤ በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ የሴት ገጸ ባሕርያት ጉልበት ከወንዶቹ በታች እንዲገደብ ይደነግግ ነበርና፣ ዘንዶ ከሰማይ በሚወርድበት ዓለም ለእውነታ ተብሎ የተገደበው የሴት ክንድ ብቻ መሆኑ ያስገርማል። ገደቡ በ1989 እትም ተነሣ።

የጥሩሩ ደንብ ደግሞ ሂሳብ አስጠላ። የመከላከያ ደረጃ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የተሻለ ስለነበር፣ «ታኮ» የሚባል ቁጥር፣ ማለትም ደረጃው ዜሮ የሆነን ጠላት ለመምታት በባለ ሃያው ዳይስ ላይ መውጣት ያለበት ቁጥር፣ በስሌቱ ገባ። ታኮው 17 የሆነ ተዋጊ ደረጃው 3 የሆነን ጠላት ለመምታት 14 ያስፈልገዋል፤ የጠላቱ ደረጃ ከዜሮ በታች 2 ከሆነ ግን ቅነሳው ወደ መደመር ተገልብጦ 19 ይሆናል። ገጸ ባሕርይው ሰይፉን መዝዞ ሳለ ተጫዋቹ ጣቱን ይቆጥር ነበር። በ1978 የወጣው «ሩንኩዌስት» የተባለ ሌላ ጨዋታ ጥሩር ምቱን ሳይሆን ጉዳቱን እንዲቀንስ በማድረግ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ሲመልስ፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ታኮን የተወው በ2000 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው።

በ2008 የወጣው አራተኛው እትም የአስማተኛውንና የተዋጊውን አለመመጣጠን ለማስወገድ ለሁሉም ሙያ በአንድ ሥርዓት የሚሠሩ ችሎታዎችን ሰጠ፤ የተገኘው ምላሽ ግን «ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ» የሚል ሌላ እሮሮ ሲሆን፣ የቀድሞውን ደንብ የወደዱ ተጫዋቾች በ2009 ወደ ወጣው «ፓዝፋይንደር» የተባለ ሌላ ጨዋታ አዘነበሉ። በዚያው ሰሞን ደንብ ማብዛት ይቅር፣ ዳኛው በአእምሮው ይፍረድ የሚሉ ወገኖች ወደ 1970ዎቹ አጨዋወት ተመለሱ፤ ክርክራቸው ከፌርዲ ዱ ቬርኖዋ ክርክር በስም እንጂ በይዘት ብዙም አይለይም።

እስካሁን መቋጫ ያላገኘው የግብግብ ደንብ ነው። በ1979 የወጣው የዳኛው መጽሐፍ ጠላትን አንቆ ለመያዝ ከመቶ የሚሰላ ሂሳብ ከነተቀጽላው አቀረበ፤ ሦስተኛው እትም በመጀመሪያ መንካት፣ ቀጥሎ በዳይስ መፎካከር የሚል ተከታታይ ሥርዓት ሠራለት፤ «ፓዝፋይንደር» ሥርዓቱን በሁለት ቁጥሮች ጠቀለለው፤ አምስተኛው እትም በ2014 ወደ አንድ ፉክክር አሳጠረው። በ2024 ተሻሽሎ በወጣው መጽሐፍ ደግሞ ለማነቅ የሚሞክረው መወርወሩ ቀርቶ፣ ለማምለጥ ዳይስ የሚወረውረው የሚታነቀው ሆኗል።