ቀላል ጋዞች በፈጣን ማሽኖች ውስጥ፦ ለስሜን ተራሮች መረጃ ሰብሳቢዎች ምን ትርጉም አላቸው?

በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን ዙሪያውን ከከበበው አየር ጋር በሚፈጥረው ሰበቃ ኃይል ያባክናል፤ ይሞቃልም። ለዚህ መፍትሔ ከሆኑት መካከል አየሩን አስወጥቶ በሃይድሮጂን ወይም በሂሊየም መተካት ይገኝበታል።

ሃይድሮጂን በጄኔሬተር

የሃይድሮጂን እፍጋት የአየር አንድ ዐሥራ አራተኛ ገደማ ሲሆን፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ግን የአየርን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በእንፋሎት ተርባይን የሚሠሩ ብዙ ትላልቅ ጄኔሬተሮች በሃይድሮጂን ይቀዘቅዛሉ። የመጀመሪያው እ.አ.አ በ1937 በአሜሪካ ዴይተን ከተማ ሥራ ጀምሯል። ጋዙ ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲቀላቀል ሊፈነዳ ስለሚችል ንጽሕናው ዘወትር ይጠበቃል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ኃይል የሚመነጨው እንደ ጣና በለስ ካሉ የውኃ ኃይል ጣቢያዎች ነው። የውኃ ተርባይኖች ከእንፋሎት ተርባይኖች ይልቅ በዝግታ ስለሚዞሩ ጄኔሬተሮቻቸውን በአየር ማቀዝቀዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሂሊየም በሃርድ ዲስክ

ሂሊየም እፍጋቱ የአየር አንድ ሰባተኛ ሲሆን አይቀጣጠልም። ኤች ጂ ኤስ ቲ የተባለው ኩባንያ እ.አ.አ በ2013 በሂሊየም የተሞላና የታሸገ፣ ሰባት ዲስኮችን የያዘ ባለ 6 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ለገበያ አቅርቧል። ሰበቃው በመቀነሱ ዲስኮቹን አቀራርቦ መደርደርና ኃይል መቆጠብ ተችሏል።

የሳሳ አየር ቀላል ጋዝን አይተካም

የደጋው አየር የሳሳ በመሆኑ ያው ጥቅም የሚገኝበት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የተለመደው ሃርድ ዲስክ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ የውስጡ ግፊትም ከውጪው ጋር እኩል ነው። መረጃ አንባቢው ክፍል ከሚዞረው ዲስክ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት በአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይደክማል፤ አንባቢው የዲስኩን ገጽ ከነካ መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ማቀዝቀዙም ይዳከማል። በታሸገው ዲስክ ውስጥ ያለው ሂሊየም ግን ቀላል ቢሆንም ግፊቱን ይዞ ይቆያል።

በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ሃርድ ዲስክ እንዲሠራ የሚፈቅዱት እስከ 3 ሺህ 48 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ጎንደርና ደባርቅ ከዚህ ወሰን በታች ናቸው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት ሳንቃ በርና ግጭ ግን ከወሰኑ በላይ ይገኛሉ፤ በግጭ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ስለ ዋልያና ጭላዳ መረጃ የሚሰበስቡ ተመራማሪዎችና የፊልም ባለሙያዎች በካምፕ ውስጥ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለውን ኤስ ኤስ ዲ ወይም ሚሞሪ ካርድ ቢጠቀሙ ይመረጣል። ሃርድ ዲስክ ሳይከፈት ቢጓጓዝ ከፍታው አይጎዳውም፤ ቅጂውን ወደ ደባርቅ ሲወርዱ ማከናወን ይቻላል። በሂሊየም የተሞላ ዲስክ የያዘም ቢሆን በአምራቹ የተጻፈውን የከፍታ ወሰን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።