አረጋውያንና የቫይረስ በሽታ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር፤ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

የታሪክ ተማሪ ስለ ወረርሽኝ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚፈልገው የሙታንን ቍጥር ነው። ስንት ሰው ሞተ? በየትኛው ወር? በሽታው ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር እንዲሁ አደረግን። ነገር ግን ጽሑፎቹን ባገላበጥን ቍጥር አንድ ነገር ጐደለብን። ይኸውም የሞተው ሰው ከመታመሙ በፊት ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረ የሚናገር አለመኖሩ ነው። ወጣት ነበርን? ሽማግሌ ነበርን? ሽማግሌስ ከሆነ፥ ማሳውን ራሱ የሚያርም ነበር ወይስ እሳት ዳር ተቀምጦ በልጅ ልጁ እጅ የሚጐርስ? ይህ ልዩነት ትንሽ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኛ ግን የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው እንላለን።

ስለ ቫይረስ ወረርሽኝ ባገራችን ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው የኅዳር በሽታን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1918) በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ከተማይቱን አስለቀሰ፤ የሟቹም ቍጥር እስከ 10,000 ድረስ ተገምቷል። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ደረሰ ይባላል። ከታመሙትም መካከል አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ነበሩ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 26 ዓመት ነበር። ይህ ዕድሜ በከንቱ የተነሣ አይደለም። ያ ኢንፍሉዌንዛ በየአገሩ ባልተለመደ ሁኔታ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጐልማሳ አብዝቶ ገደለ። አረጋውያኑ ግን ይፈራላቸው ከነበረው ያነሰ ተጐዱ። ምክንያቱን ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ ስላገኛቸው ሰውነታቸው አስታውሶት ይሆናል የሚል ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ምሳሌያችን እርጅና ብቻውን የሞት ፍርድ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ወደ ደቡብ ምዕራብ እንሻገር። የሚዛን ተፈሪ አገር በቀድሞው አከፋፈል በከፋ ጠቅላይ ግዛት የጊሚራ አውራጃ ነበር፤ ቴፒ ደግሞ በኢሉባቦር በኩል ትቈጠር ነበር። ዛሬ ሁለቱም ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። አገሩ ዝናበኛ፥ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፥ ቡናው በጥላ ሥር የሚበቅልበት ነው። በየቤቱ ጓሮ እንሰት፥ ጎደሬና ሙዝ አይጠፋም። ይህንም ያነሣነው ለጌጥ አይደለም፤ የሚከተለው ታሪክ ከዚያ ጓሮ የወጣ ስለ ሆነ ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዲዴሳ ወንዞች ሸለቆ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ፥ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ እጅግ ከባዱ ነው። በኋላ በተደረገው ግምት አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በሚኖርበት ቀበሌ 100,000 ያህል ሰው ታመመ፤ 30,000 ያህሉ ሞተ። ከታመሙት ከ10 ሰው 3ቱ ማለት ነው። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከተራው ወባ ጋር ዝምድና የለውም። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ጕበትንና ኵላሊትን ይመታል፤ ዐይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ሲጠናም ደም ያስመልሳል። በደን ውስጥ በጕሬዛና በጦጣ መካከል ይኖራል። ወደ ሰው የሚያሸጋግረው አንዱ ቢምቢ ደግሞ ዝናብ በእንሰት፥ በጎደሬና በሙዝ ቅጠል ብብት ውስጥ ባቈረው ጥቂት ውሃ ይፈለፈላል። ባለቤቱ ለረኀብ ቀን ብሎ የተከለው ተክል የሞት መንገድ ሆነ። በ1966ም (እ.ኤ.አ.) በአርባ ምንጭ አካባቢ እንደገና ታየ፤ እኛው በቅርቡ ባሳለፍናቸው ዓመታትም በ2013 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኦሞ፥ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በወላይታ ተመልሶ መጥቷል።

ስለ አረጋውያኑስ ይህ ወረርሽኝ ምን ያስተምረናል? ቢጫ ወባ አንድ ጊዜ የያዘውና የተረፈ ሰው ዳግመኛ አይያዝም። ስለዚህ በሽታው ዘወትር በሚመላለስበት አገር ሽማግሌው የተጠበቀ ነው፤ የሚታመመው ልጅ ነው። በሽታው ለብዙ ዘመን ርቆ ቈይቶ በመጣበት አገር ግን ትልቅም ትንሽም እኩል ይወድቃል። የ1960ው የዚህ ዐይነት ነበር። ሽማግሌው የሚያስታውሰው ሕመም አልነበረም፤ ወደ ወረርሽኙም የገባው ዕድሜውን ሙሉ ባከማቸው ደዌ ተሸክሞ ነው።

ይህ ሸክም በቡናው አገር ምን ምን ነበር? ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ወባ ጣፊያን ያሳብጣል፥ ደምንም ያሳንሳል። በዝናቡ ምክንያት ቤት ውስጥ ሌት ተቀን የሚነደው እርጥብ እንጨት የሴቶችን ሳምባ በጢስ ያቃጥላል፤ አንዲት አሮጊት ከመሰላሉ ጫፍ ሳትደርስ የምታለከልከው በእርጅና ብቻ አይደለም። በወንዝ ዳር የምትራባው ጥቍር ዝንብ የምታመጣው ኦንኮሰርካ፥ በቤበቃ የቡና እርሻ፥ በሸካና በከፋ የታወቀ ነው። እዚህ አገር ዐይን ማጥፋቱ ብዙ ባይሆንም የቈዳው እከክ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ የለቃሚውን ጕልበት በየዓመቱ ይቀንሳል። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከፋና በሸካ የአይቨርሜክቲን መድኃኒት በየመንደሩ መታደል ጀምሯል፤ ነገር ግን ዛሬ 70 ዓመት የሆነው ሰው ከዚያ በፊት ሲያክ የኖረው ዘመን አይመለስለትም። በዚህ ላይ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የከተማ ሰው ሕመም ናቸው የሚለው አሮጌ አነጋገር አሁን አይሠራም።

ከዚህ በኋላ ኮሮና መጣ። ባገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወቀ። ይህ ቫይረስ የኅዳር በሽታን ተቃራኒ ሆነ፤ ማንም አስቀድሞ ስላላገኘው የሽማግሌው ሰውነት የሚያስታውሰው ነገር አልነበረውም፤ ጐልማሳውን አልፎ አረጋዊውን መታ። ክትባቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከጤና ሠራተኞች ቀጥሎ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው እንዲቀድሙ የተወሰነው ስለዚህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪያውጅ ድረስ ባገራችን በምርመራ ከተረጋገጡት ሙታን የተመዘገቡት ከ7,500 በላይ ነበሩ። ያልተመረመረው በዚህ ውስጥ የለም። ከሁሉ ይልቅ የደከመው ሽማግሌ ደግሞ በቃሬዛ ተጭኖ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ሆስፒታል የማይደርሰው እርሱ ነው፤ እቤቱ ያርፋል። ስለዚህ በሆስፒታል መዝገብ ላይ የምናየው አረጋዊ ጕልበት ከተረፈው ወይም ልጆቹ ከበረቱለት ወገን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን እንመለስ። ሽማግሌን ከሽማግሌ የሚለየው ምንድን ነው? በ2001 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ የሰውነት ድካምን በአምስት ምልክቶች ገለጡት፤ ሳያስቡት መክሳት፥ ቶሎ መዛል፥ የእጅ መያዣ ኀይል መላላት፥ የእርምጃ መዘግየትና ከሥራ መራቅ ናቸው። ሦስቱ የተገኙበት ደካማ ይባላል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ካናዳዊው ኬኔት ሮክዉድና ጓደኞቹ ሐኪም አልጋ አጠገብ ቆሞ ጠይቆ የሚሞላው መለኪያ አወጡ። ኮሮና በገባበት ዓመት በብሪታንያና በጣሊያን 11 ሆስፒታሎች የተኙ 1,564 ሕመምተኞች በዚህ መለኪያ ተመረመሩ። ከዕድሜም፥ ካሉባቸው ሌሎች ሕመሞችም ይልቅ ውጤታቸውን አጕልቶ ያሳየው የሰውነታቸው ድካም ሆኖ ተገኘ።

ይህ ግኝት ለእንግሊዝ ሰው አዲስ ዕውቀት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከዚያ በላይ ነው። ከቴፒ ጫካ የመጣ አንድ አባት ዕድሜውን ሲጠየቅ «ጣሊያን ሲወጣ ከብት እጠብቅ ነበር» ብሎ ቢመልስ ጸሐፊው 80 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 90 ይላል። በእንዲህ ያለ ቍጥር ላይ ቆሞ ለማን ኦክስጅን ይሰጥ፥ ማን ይቅደም ብሎ መፍረድ በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። ክትባትን እንኳ ብንወስድ ጥያቄው አለ። ማክስ ታይለር በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የቢጫ ወባ ክትባት እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም 60 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ላይ ብርቅ ነገር ግን ብርቱ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ እንዲያመዛዝን ይመከራል። ስድሳውን ማለፉን በምን ያውቃል?

ሌላም አለ። አረጋዊ በቫይረስ ሲያዝ ብዙ ጊዜ እንደ ወጣቱ አያተኵስም፥ አያስልም። እህል ይተዋል፤ ይወድቃል፤ የሰው ስም ይሳሳታል። ቤተ ሰቡም «ጃጀ» ብሎ ያልፈዋል፥ ሳምንትም ይጠፋል። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ደግሞ አልጋው ራሱ ይጐዳዋል፤ ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን 10 ቀን ያለ ሥራ ቢተኙ ከእግራቸው ጡንቻ ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚያጡ በጥናት ታይቷል። ባገራችን ይህን ጉዳት የሚያቃልለው አስታማሚው ነበር። የሚያጐርሰው፥ ደግፎ የሚያስነሣው፥ ሐኪሙ የሚለውን በቋንቋው የሚነግረው እርሱ ነው፤ በቤንችኛ፥ በሸክኛ፥ በሸኮኛ ብቻ ለሚናገር ሽማግሌ ያለ አስታማሚ ሆስፒታል ባዕድ አገር ነው። በኮሮና ጊዜ ግን ለይቶ ማከም ግድ ሆነና አስታማሚው ከበር ተመለሰ። እኛ ይህን ትእዛዝ አንነቅፍም፤ ቫይረሱ አስገድዷል። ዋጋውን ግን ማን ጻፈው? በሞት መዝገብ ላይ «የሚያጐርሰው አጥቶ» የሚል ምክንያት የለም።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሚዛን አማን ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ለክፍለ ሀገሩ ሰው ሐኪም ፍለጋ ጅማ ድረስ መሄድ ግዴታ የነበረበት ዘመን አልፏል። ለወደፊቱ ታሪክ ጸሐፊ የሚተርፈው የሕመምተኛው ካርድ ነው። የሮክዉድ መለኪያ የሚጠይቀው ሰውየው በታመመበት ቀን ያለውን ሁኔታ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረውን ነው። በአውሮጳ መኪና ይነዳ ነበርን፥ ገበያ ወጥቶ ይሸምት ነበርን ብለው ይጠይቃሉ። በሚዛን ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፤ ቡናውን ራሱ ይለቅም ነበርን? ከወንዝ ውሃ ትቀዳ ነበርን? ለቀብር ያለ ምርኵዝ ትሄድ ነበርን? በካርዱ ላይ ዕድሜ ከሚጻፍበት መስመር ሥር ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚሆን ባዶ ቦታ አለ።