እንቅርትና ጨው

መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። ተረቱን ያወጡት ሰዎች እንቅርትን በወሬ የሚያውቁ አልነበሩም። በደጋው አገር በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ አንገቱ ያበጠ ሰው፣ በተለይም ሴት፣ ማየት የተለመደ ነበር።

መድኃኒቱም በአንገት ላይ ይታይ ነበር። በሰሜኑ የብዙ እናቶችን ጉሮሮ መስመር በመስመር የከበበው ንቅሳት ከጌጥነቱ ሌላ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር። ጥላሸት የተቀባ መርፌ ስስ ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲወጋ የቻለችው ልጅ ምን ያህል እንደታመመች መገመት አያዳግትም።

የሚያሳዝነው ጨው አለመታጣቱ ነው። ከአፋር ረባዳ ምድር ተጠርቦ በግመል የሚወጣው አሞሌ እንደ ገንዘብ እስከመመንዘር የደረሰ ሀብት ነበር። የጎደለው አዮዲን ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፤ እህሉም ሳይዝ ይበቅላል። የታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን ሆርሞኑን መሥራት ስለማይችል፣ ያለችውን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። ከእብጠቱ የከፋው ግን በማኅፀን ባለው ጽንስ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ስዊዘርላንድም በተራሮቿ መካከል ይኸው ችግር ነበረባት፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ጨዋን በአዮዲን ማበልጸግ ጀመረች። በ1924 የአሜሪካዋ ሚሺጋን ተከተለች። ኢትዮጵያ ደግሞ አዮዲን ያለውን ጨው ከአሰብ ታገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ገበያውን የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ያዘው፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 በመቶ ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መራመድ ትልቅ ድል ነው።

የእንቅርት ሕክምናም ከንቅሳት ርቋል። ሐኪሙ ከታማሚዋ ኋላ ቆሞ ጣቶቹን በጉሮሮዋ ግራና ቀኝ አሳርፎ «ምራቅዎን ይዋጡ» ይላል፤ ሲዋጥ አብሮ ከፍ የሚል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የታይሮይድ ነው። ከዚያ የሆርሞኑ መጠን በደም ይለካል።

ጨዉም ይመረመራል፤ አዮዲን ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው ይተናልና። ከገበያ ጆንያ በተዘገነ ቁንጥር ላይ የመመርመሪያው ፈሳሽ ጠብ ይደረጋል። አዮዲን ካለው ጠብታው ያረፈበት ጨው ሐምራዊ ይሆናል፤ ከሌለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።